ጥርስ ሲበዛ

«ጋሼ፣ ባለ 60 ጥርሱ ዲስክ እያለ ባለ 24ቱን ለምን ይገጥማሉ?» አለኝ አዲሱ ልጅ። ፊታችን ለበር መቃን በርዝመቱ የሚሰነጠቅ የዋንዛ ጣውላ ተጋድሟል።

ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። ጎረቤቴ ያለው አናጢ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ባለ 60 ዲስክ ይሠራል፤ «ጥርስ የበዛበት አጥርቶ ይቆርጣል» ባይ ነው። ኮምፔንሳቶ ላይና በወርድ ቁርጥ ላይ እውነቱን ነው። በስንጠቃ ግን ስንት ዓመት ተከራክሬዋለሁ፤ ዛሬም አልለቀውም።

ቁም ነገሩ ያለው በጥርስና በጥርስ መካከል ባለው ጉድጓድ ነው። እንጨት በርዝመቱ ሲሰነጠቅ ጅማቱ ረዘም ረዘም ብሎ ይወጣል፤ ማደሪያ ይፈልጋል። 184 ሚሊ ሜትር ዲስክ ላይ 60 ጥርስ ሲደረደር ጉድጓዱ ይጠባል። ፍቅፋቂው እዚያው ታፍኖ ይፈጫል፣ ዲስኩ ይግላል፣ የጣውላው ጠርዝ ይጠቁራል። ሲብስም ስንጥቁ ዲስኩን ነክሶ ማሽኑን ወደ ሠራተኛው ያስፈነጥረዋል። ማሽኑን አጥፉና ከወለሉ አንድ እፍኝ ዝገኑ፦ የደህናው ዲስክ ፍቅፋቂ ይሻክራል፤ የተሳሳተው እንደ ዱቄት ይልማል።

ሙያውን ያስተማሩኝ አዛውንት ሁለት የእጅ መጋዝ ነበራቸው። የስንጠቃውን ጥርስ እንደ መሮ፣ የቁርጡን እንደ ቢላ አድርገው በሦስት ማዕዘን ሞረድ አንድ በአንድ ይስሉታል። እኔ መጋዙን እይዝላቸዋለሁ። መሳሉን ሳልችል እንጨት አላስነኩኝም፤ ያኔ ከፍቶኝ ነበር። ሲያርፉ ሞረዳቸው ለእኔ ደረሰኝ። እጀታው አውራ ጣታቸው ያረፈበት ቦታ ላይ ጎድጉዷል፤ ዲስክ ልቀይር መሳቢያውን ስከፍት ሁልጊዜ መጀመሪያ የምነካው እሱን ነው።

ዋንዛ ደግሞ እንደ ዱሮው አይገኝም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። የጠቆረ ጠርዝ በመላጊያ ሲጠራ የሚረግፈው እንዲህ ያለ እንጨት ነው፤ ያንን እያየሁ ዝም ማለት አልችልም።

ለልጁ በቃል አልመለስኩለትም። አንድ ቁራጭ ሰጥቼ በሁለቱም ዲስክ እንዲሰነጥቅ አደረግሁ። የባለ 24ቱ ጠርዝ ሸካራ ግን ንጹሕ ነው፤ የባለ 60ው ቡና መስሏል፣ የተቃጠለ ይሸታል። ሁለቱንም በሬ አጠገብ ሰቅያቸዋለሁ። ጎረቤቴ፣ ና በእጅህ ዳስሳቸው።