የቅኔ መምህር በጉባኤው መካከል

አምቢኮ ራስ ደጀንን ለመውጣት የተነሣ መንገደኛ የሚያድርባት የስሜን መንደር ናት። ስለዚህ አገር የተጻፈው አብዛኛው ነገርም ስለ ተራራው፣ ስለ ዋልያውና ስለ ጭላዳው ነው። ከዳባትና ከደባርቅ ጀምሮ በዚሁ ደጋ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የኖረው የቆሎ ተማሪ የሚወሳው በብርዱ፣ በውሻውና በረኀቡ ነው። ገጣሚ መሆኑ ይዘነጋል። መምህሩማ ከሥነ ጽሑፍ ታሪካችን ጭራሹን ወጥተዋል ማለት ይቻላል። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ለእሳቸው ነው።

ቅኔ ቤት ዕለት ዕለት አዲስ ግጥም የሚፈጠርበት ማኅበር ነው። ተማሪው ግሱንና አገባቡን ከያዘ በኋላ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ወደ መወድስና ወደ ዕጣነ ሞገር ይወጣል። ዛፍ ሥር ወይም ቋጥኝ ተጠግቶ ለብቻው ይቆጥራል፤ በቃሉ ያበጃል፣ በቃሉ ያፈርሳል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ መምጣት ነውር ነው።

ከዚያ ነገራ ይመጣል። የዚህ ማኅበር ልቡ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ተማሪው ከየኔታ ፊት ቁጢጥ ብሎ የመጀመሪያውን ቤት ይናገራል። ዜማው ልኩን ቢያልፍ፣ አገባቡ ቢፋለስ፣ ሰሙ ወርቁን መሸከም ቢያቅተው እዚያው ላይ ያስቆሙታል። አንዲት ቃል ይለውጡለታል፤ በዚያች ቃል ተራ የነበረው ቤት ሌላ ምስጢር ይዞ ይነሣል። ዙሪያውን የተቀመጡትም ይሰማሉ፤ የአንዱ እርማት የሁሉም ትምህርት ነው። ቅኔው የተማሪው ሆኖ ይቀራል፤ ያቺ ቃል ግን የመምህሩ ናት። ድርሻቸውን የሚቆጥርላቸው የለም፤ እሳቸውም አይጠይቁም። በዘረፋ ጊዜ ከአፋቸው የሚፈልቀው የራሳቸው ቅኔ እንኳ ለማስተማሪያ ውሎ በሰሚው ጆሮ ይቀራል።

የሂሳችን ጉድለት የሚገለጠው በዚህ ነው። ገጣሚን በመድበሉ መለካት ለምደናል። በዚህ ሚዛን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስንት ይመዝናሉ? በልጅነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጥተው፣ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፣ በጎጃም ጽላሎ የአባታቸውን ጉባኤ የተረከቡ ባለቅኔ ናቸው። ሴት በመምህርነት ወንበር መቀመጧ እንግዳ በነበረበት ዘመን የወንዶቹን ቅኔ እየሰሙ ሲያቃኑ ኖሩ። የሥራቸው ትልቁ ክፍል በደቀ መዛሙርታቸው አንደበት ተበትኗል፤ ከመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ፈልጎ የሚያገኘው የለም። ትንሽ ባለቅኔ ነበሩ የሚል ግን አይገኝም፤ ስለዚህ ጉድለቱ የሚዛኑ ነው።

መንግሥቱ ለማ ይህን የተረዳ ይመስለኛል። የቅኔ መምህሩ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ የግጥም መድበሉን «የግጥም ጉባኤ» ብሎ ሲሰይም ቃሉን ከአባቱ ቤት ነው ያመጣው። ጉባኤ ሲባል መምህር በወንበሩ፣ ተማሪው በዙሪያው ተቀምጦ ነው፤ ሰሚና አራሚ የሌለው ግጥም ጉባኤ የለውም። ይኸው ልጅ የአባቱን ጨዋታ በቴፕ ቀድቶ በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ» ብሎ አሳተመው። የመጽሐፉ ትልቅነት የንግግሩን ለዛ መጠበቁ ነው፤ የድሮውን ተማሪና መምህር ኑሮ ከባለቤቱ አንደበት እንሰማዋለን። እንዲህ ያለ ሰነድ በጣት የሚቆጠር ነው።

አለቃ ለማ ገጣሚ ልጅ ነበራቸውና ድምፃቸው ተረፈ። ለሌሎቹ መምህራን ማን አለላቸው? ዛሬ ቴፕ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም፤ መቅጃው በየኪሳችን አለ። በዳባትና በደባርቅ የምታስተምሩ፣ በደባርቅ ዩኒቨርሲቲም ሥነ ጽሑፍ የምታጠኑ ወገኖች፦ የኔታን አስፈቅዱና ነገራ ላይ ተቀመጡ። ተማሪው ያመጣውንም የኔታ ያቃኑትንም፣ ሁለቱንም ቅዱ።