«ነፍሰ ገዳዩ በ21 ቁጥር ይኖራል»፦ በጠላት ገንዘብ ስለ ተሠራ ፊልም

አንድ የጥበብ ሥራ ሲቀርብልን ሁለት ነገር እንጠይቃለን፤ ምን ይናገራል? ማንስ አሠራው? አገር በጠላት እጅ በወደቀችበት ዘመን ግን ሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያውን ይውጠዋል። ይህን ችግር ጉልህ አድርገው ከሚያሳዩት ሥራዎች አንዱ፣ ፈረንሳዊው ሄንሪ ዦርዥ ክሉዞ በ1942 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው «ነፍሰ ገዳዩ በ21 ቁጥር ይኖራል» የተባለው የወንጀል ምርመራ ፊልም ነው።

ፓሪስ በዚያን ጊዜ በጀርመኖች እጅ ነበረች። ፊልሙን ያወጣው ኮንቲኔንታል የተባለው ኩባንያም በ1940 በጀርመን ገንዘብ የተቋቋመና አልፍሬድ ግሬቨን የተባለ ጀርመናዊ ይመራው የነበረ ነው። ታሪኩ የተወሰደው ከቤልጅጉ ደራሲ ከስቴማን ልብ ወለድ ሲሆን፣ ክሉዞ በሎንዶን የነበረውን ነገር ወደ ፓሪስ አዛውሮታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማው ሰው እየተገደለ ከሬሳው ዘንድ «ሙሴ ዱራን» የሚል የስም ካርድ ይገኛል። ዱራን በፈረንሳይ እጅግ የተለመደ ስም ነው፤ በእኛ አገር አበበ ወይም ከበደ እንደ ማለት ነው። ሚኒስትሩ የበታቹን ይቆጣል፤ የበታቹም የራሱን የበታች ይቆጣል፤ ቁጣው ደረጃ በደረጃ ሲወርድ ቀነ ገደቡ እያጠረ ሄዶ በመርማሪው በቬንስ ራስ ላይ ያርፋል። በመሥሪያ ቤት የኖረ ሰው ይህን ሳይስቅ አያልፈውም። ቬንስም የፕሮቴስታንት ሰባኪ መስሎ ገዳዩ ወደሚኖርበት ፔንሲዮን ይገባል። ነገር ግን አንዱ ተጠርጣሪ በታሰረ ቁጥር ሌላ ሰው ይገደላል፤ የታሰረውም ንጹሕ ነው ተብሎ ይለቀቃል።

የፊልሙ ቁም ነገር በምስጢሩ ላይ ስለሆነ መግለጹ ግድ ሆኖብናል። ዱራን አንድ ሰው አይደለም፤ ሦስት ናቸው። አንዱ ሲታሰር ጓደኞቹ በውጭ ሆነው በመግደል ነፃ ያወጡታል። ፖሊስ አንድ ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ ጥፋቱ ግን በአንድ ማዕድ የሚበሉ ጨዋ መሳይ ሰዎች የተካፈሉት ነው። በፊልሙ ውስጥ የጀርመን ወታደር አይታይም። ሆኖም ጎረቤት ጎረቤቱን በሚጠቁምበት ዘመን ይህ ታሪክ ተራ ጨዋታ ብቻ ነበር ለማለት አንደፍርም።

ጉድለቱንም አንሸሽግም። የጀርመን የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ጎብልስ ፈረንሳዮች ቀላልና ባዶ ፊልም እንዲያዩ ይሻ ነበር። ክሉዞም ሟቾቹን የሣቅ መነሻ ሲያደርጋቸው ከዚህ ፈቃድ ብዙ አይርቅም። በ1943 «ቁራው» የተባለውን የመረረ ፊልም ካወጣ በኋላ፣ ፈረንሳይ ነፃ ስትወጣ ከሥራው ታገደ፤ በአዲስ ፊልም የተመለሰው በ1947 ነው።

አምስቱን የጠላት ዓመታት የሚያስታውስ ሕዝብ ይህን ፍርድ ለመረዳት አይቸግረውም። የእኛው ዮፍታሔ ንጉሤ ለወራሪው ከማደር ይልቅ ወደ ሱዳን መሰደድን መርጧል። በዚህ ሚዛን የክሉዞ ምርጫ ያንሳል። ይሁን እንጂ የሰው ምርጫና የሥራው ዋጋ ተለይተው ሊመዘኑ ይገባል። በ1927 ዓ.ም. የተመረቀውን የአቃቂን የራዲዮ ጣቢያ የሠራው አንሳልዶ የተባለ የኢጣልያ ኩባንያ ነበር፤ ኢጣልያ ለወረራ ስትነሣ ግን ኢትዮጵያ አቤቱታዋን ለዓለም ያሰማችው በዚሁ ጣቢያ ነው። የባዕድ እጅ የሠራው ሁሉ የባዕድ ቃል አይናገርም ማለት ነው።

ልዩነቱ ግን አይዘንጋ። ጣቢያው የእኛ ስለነበረ ቃሉም በሙሉ የእኛ ሆነ። ኮንቲኔንታል የፈረንሳዮች ስላልነበረ ክሉዞ ሊናገር የቻለው በሣቅ የሸፈነውን ያህል ብቻ ነው። ያን ያህሉንም መናገሩ ሥራውን ሊያዩት የሚገባ ያደርገዋል። ስለዚህ መምህራን ይህን ፊልም ለተማሪዎቻቸው ሲያሳዩ፣ ገዳዩ ማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የፊልሙን ወጪ ማን እንደከፈለም ቢያስጠይቁ መልካም ይመስለናል።