የለማኙ ኦፔራና የዘፈን ተግባር

ዘፈን የተጨመረበት ተውኔት ሁሉ የሙዚቃ ቴአትር ሊባል አይገባውም። ዘፈኑ ቢወጣ ታሪኩ ምንም የማይጎድልበት ከሆነ፥ ዘፈኑ ጌጥ ነው እንጂ የቴአትሩ አካል አይደለም። ይህንም ለመረዳት «የለማኙ ኦፔራ» የተባለው ድርሰት ከአገር ወደ አገር ያደረገውን ጉዞ መመልከት ይበቃል።

እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ጌይ ይህን ድርሰት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1728 ዓ.ም. በለንደን ለሕዝብ አቀረበ። በዚያ ዘመን መኳንንቱ ነገሥታትና ጀግኖች የሚዘፍኑበትን የኢጣልያ ኦፔራ ያዘወትሩ ነበር። ጌይ ግን ሌቦችን፥ ለማኞችንና ጉቦኛ የወህኒ አዛዥን በመድረክ ላይ አቆመ፤ ዜማውንም በአብዛኛው የወሰደው ሕዝቡ በየመንገዱ ከሚያዜመው ነው። ተመልካቹ በሌቦቹ ጠባይ የሹማምንቱን ጠባይ አየ። ስለዚህ ቴአትሩ በመጀመሪያው ወቅት ብቻ 62 ጊዜ ታየ፤ ተከታዩ «ፖሊ» ግን እንዳይታይ ታገደ።

ከ200 ዓመት በኋላ፥ በ1928፥ ኤልሳቤት ሃውፕትማን ወደ ጀርመንኛ በተረጐመችው ላይ ቤርቶልት ብሬኽት «የሦስት ሳንቲም ኦፔራ»ን ጽፎ በበርሊን አሳየ። ኩርት ቫይልም ከጥንቱ አንድ ዜማ ብቻ አስቀርቶ ሌላውን እንደ አዲስ ደረሰው። በዚህኛው ወንበዴውና ነጋዴው የሚለያዩት በልብስ ብቻ ነው። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ሁለቱም ከአገራቸው ተሰደዱ። ዎሌ ሶይንካ በ1977 በናይጄሪያ የነዳጅ ሀብት የወለደውን ስስት፥ ሺኮ ቡዋርኬም በ1978፥ በወታደሮች አገዛዝ ዘመን፥ የብራዚልን ሙስና በዚሁ ታሪክ ገለጡበት።

ይሁን እንጂ ዜማ ያስተዋውቃል፥ ያስረሳልም። በበርሊኑ ድርሰት መግቢያ አንድ የመንገድ አዝማሪ የማኪን ግድያዎች እየዘረዘረ ይዘፍናል። ቀጥሎ ማኪ እንደ ጨዋ ሰው ለብሶ ሲመጣ፥ ተመልካቹ የሰማውን ይዞ ይፈርድበታል። ይኸው ዘፈን ግን በ1959 በቦቢ ዳሪን ድምፅ በሸክላ ሲወጣ የዳንስ ማድመቂያ ሆነ፤ ሰሙ ቀርቶ ወርቁ ጠፋ። ጥፋቱ የዜማው አይደለም፤ ዘፈኑ ከመድረኩ በመነጠሉ ነው።

እንግዲህ የሙዚቃ ቴአትር የዓለም ጥበብ የሆነው ሁሉም አገር አንዱን ዘፈን ስለሚደግም አይደለም፤ እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው የገዛ ጉድለቱን ስለሚመረምርበት ነው። ለዚህ ሙያ የሚነሣ ደራሲም ዜማው ማማሩን ከመጠየቁ በፊት፥ «ይህ ዘፈን ቢቀር ከፍርዱ ምን ይጎድላል?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።