በጳጉሜን የሚከፈት ክፍል

ትምህርት በመስከረም ይከፈታል ይባላል። የእኛ ክፍል ግን የሚከፈተው በጳጉሜን ነው። በደብዳቤ የታዘዘ ነገር አይደለም፤ እኛው መምህራኑ ያስለመድነው ነው። ክፍሉ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ያለ የልዩ ፍላጎት ክፍል ሲሆን፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት፣ ዳውን ሲንድረምና ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ይማሩበታል። ጳጉሜን ላይ ግቢው ባዶ ነው። ሣሩ አድጓል፣ ጥበቃው ማጭድ ይዞ ጎንበስ ብሏል፣ ዴስኮች ቀለም ተቀብተው ደጅ ተሰጥተዋል። ሰልፍ የለም፤ ድምፅ ማጉያም የለም። ለአዲስ ልጅ ትምህርት ቤትን ለማስተዋወቅ ከዚህ የተሻለ ሰዓት አላውቅም።

የምናደርገው ቀላል ነው። እናት ልጇን ይዛ ለግማሽ ሰዓት ትመጣለች። ከበሩ እስከ ክፍሉ፣ ከክፍሉ እስከ ሽንት ቤቱ፣ ከዚያ እስከ መመገቢያ አዳራሹ አብረን እንሄዳለን። በማግስቱም ያንኑ መንገድ፣ በዚያው ቅደም ተከተል። ጳጉሜን አምስት ቀን ናት፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ስድስት፤ ለዚህ ሥራ ትበቃለች። መስከረም ላይ ግቢው በጩኸት ሲሞላ ልጁ ቢያንስ እግሩ የሚያውቀው መንገድ ይኖረዋል። በተለይ ሽንት ቤቱን ማወቁ ቀላል ነገር አይደለም። የመጀመሪያ ቀን ልብሱ ላይ ያመለጠው ልጅ ስሙን የሚያገኘው ያን ቀን ነው፤ የሰፈር ልጆች ደግሞ ስም አይረሱም።

እናቶች ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ቲቸር፣ ፊደል ይቆጥርልኝ ይሆን?» መልሱን ለጊዜው አቆየዋለሁ። እኔ መጀመሪያ ማወቅ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ውኃ ሲጠማው ምን ያደርጋል? እጅ ይጎትታል፣ ኩባያ ያመጣል ወይስ ያለቅሳል? የትኛው ድምፅ ያስደነግጠዋል? ማታ ከማን ጋር ይተኛል? ተናድዶ ሳለ ዝም የሚያሰኘው ምንድን ነው? ከሐኪም ቤት የመጣው ወረቀት «መካከለኛ» ወይም «ከባድ» ይላል። ወረቀቱ አይናቅም፤ ለምዝገባም ለሕክምናም ያስፈልጋል። ልጁ ውኃ ሲጠማው ምን እንደሚያደርግ ግን እናቱ እንጂ ወረቀቱ አይነግረኝም።

የመድኃኒት ጉዳይ ግን በቀጠሮ የሚታለፍ አይደለም። ከልጆቻችን መካከል የሚጥል በሽታ ያለባቸው አሉ። ክረምቱ ረጅም ነው፤ ቤተሰብ አገር ቤት ይሄዳል፣ መድኃኒት ያልቃል። ጳጉሜን ደግሞ የጠበል ወር ናት፤ በሦስተኛው ቀን በሩፋኤል የሚዘንበው ዝናብ እንኳ ጠበል ነው ተብሎ ልጆች ይጠመቁበታል። ጠበል የገባ ልጅ ክኒኑን እንዲያቆም የሚያደርጉ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። አንዷን እናት እንዲህ ብዬ ጠየቅኋት፦

«እናቱ፣ ክኒኑ ክረምቱን ሙሉ ይዋጥ ነበር?»

ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጠበል ስለገባን ተውነው፣ ቲቸር። ሁለቱ አይሆንም አሉን።»

እዚህ ላይ መቆጣት ምንም አይጠቅምም። የተቆጣኋት እናት በሚቀጥለው ዓመት ትዋሸኛለች፤ ልጁ በክፍል ውስጥ ሲወድቅ ደግሞ የማውቀው ነገር አይኖርም። ጠበሉንም ክኒኑንም ጎን ለጎን ማስኬድ እንደሚቻል፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ግን መውደቁ ሊብስ እንደሚችል ነግሬ፣ ወደ ሐኪሙ መልሼ ላክኋት። በዚያው ሳምንት ጥበቃውን፣ የጽዳት ሠራተኞቹንና መጋቢ እናቶቹን እሰበስባለሁ። ልጅ ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይረዳም፣ አፉ ውስጥም ምንም አይከተትም። በጎኑ ይተኛል፣ ከራሱ ሥር ልብስ ይደረጋል፣ ሰዓት ይታያል፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ መኪና ይጠራል። በየዓመቱ እደግመዋለሁ፤ ሠራተኛ ይቀያየራል፣ ክብሪቱ ግን ኪስ ውስጥ አለ።

ስለ መክፈቻው ቀን አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ልናገረው። ሞንታርቦ ተከራይቶ፣ ዘፈን ከፍቶ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» እያሉ መጮህ ለማን እንደሆነ አይገባኝም። ለመደበኛው ተማሪ ደስታ ይሆን ይሆናል። ድምፅ ለሚያመው ልጅ ግን ትምህርት ቤት ማለት ያ ጩኸት ሆኖ ይቀራል፤ የጳጉሜን ልፋታችንም በአንድ ጠዋት ይፈርሳል። የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍም እንዲሁ ነው። በመስመር ቆሞ መዝሙር መስማት ሊማሩት የሚገባ ነገር ነው፤ የሚጀመረው ግን ከሰልፉ መሐል አይደለም። መጀመሪያ ከክፍላችን በራፍ ሆነን እንሰማለን። ቀስ በቀስ ወደ ደረጃው፣ ከዚያ ወደ ሜዳው ጠርዝ እንጠጋለን። ታኅሣሥ ላይ ከሰልፉ ጫፍ የሚቆም ልጅ አለኝ፤ እስከ ሰኔ በራፉን የማይለቅም አለኝ። ሁለቱም ሰንደቅ ዓላማው ሲሰቀል ያያሉ።

ግድግዳችን በመስከረም ባዶ ነው። ጎብኚ ሲመጣ «ለምን አላስጌጣችሁትም?» ይለናል። ያለው ነገር አንድ ሲባጎ ብቻ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ተወጥሮ በላዩ ላይ ዕቃዎች ተንጠልጥለውበታል፦ ኩባያ፣ የእርሳስ ቦርሳ፣ ኳስ፣ ፎጣ፣ ማንኪያ፣ በመጨረሻም የደብተር ቦርሳ። የዕለቱ መርሐ ግብር ይኸው ነው። ኩባያው ቁርስ ነው፤ የደብተር ቦርሳው ወደ ቤት መሄጃ። አንዱ ሲያልቅ ልጁ ራሱ አውርዶ ካርቶን ውስጥ ይጥለዋል። ሥዕል ለምን አልሆነም ቢባል፣ ሥዕልን ከዕቃው ጋር ማገናኘት ራሱ ትምህርት ነው፤ እሱ በሁለተኛው መንፈቅ ይደርሳል። ከግራ ወደ ቀኝ መሆኑም በከንቱ አይደለም፤ ኋላ ፊደል የሚነበበው በዚያው አቅጣጫ ነው።

ይህ ሲባጎ የሚፈተነው ነገር ሲቀየር ነው። መስከረም መጀመሪያ ላይ ዝናቡ ገና አልወጣም፤ ሜዳው ጭቃ ከሆነ ኳስ የለም። «ዛሬ ኳስ የለም» ማለት ብቻ አይበቃም። ልጁ እያየ ኳሱን አወርደዋለሁ፣ በቦታው ሌላ ነገር እሰቅላለሁ፣ እሱም ይነካዋል። አንዳንዴ ያለቅሳል። ያልቅስ፤ የሚያለቅሰው ምን እንደቀረበት ስላወቀ ነው፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። መስቀል ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ልጁ ገና ለመድኩ ሲል ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ «ነገ» የሚባለውን ነገር በእጅ አይነኩትም። ለእያንዳንዱ ልጅ የቤቱን በር ፎቶ በስልክ እንዲያነሱልን ቤተሰቦችን እንለምናለን። በበዓሉ ዋዜማ ያ ፎቶ ከቦርሳው ጋር አብሮ ይሄዳል።

አሁን ወደ ምሳ ሰዓት ልምጣ፤ የመስከረም ትልቁ ትምህርቴ ያለው እዚያ ነው። የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ምገባ ከጀመሩ ወዲህ ልጆቹ ቁርስና ምሳ እዚሁ ይበላሉ። ትሪው ሲቀርብ አዲሶቹን ልጆች ቁጭ ብዬ አያለሁ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አፋቸውን ከፍተው የሚጠብቁ አሉ። በጉርሻ ነው ያደጉት። በእናት አይፈረድም፤ ልጁ ራሱ ይብላ ካለች ሽሮው ልብሱ ላይ ነው፣ ሰዓቱ ይሄዳል፣ ሌሎቹም ይጠብቋታል። ደግሞ ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ለዚህ ልጅ በተለይ። ፍቅሩ ግን ጣቶቹን ሥራ አስፈትቷቸዋል።

እንጀራ በአንድ እጅ መቁረስ እኛ እንደምናስበው ቀላል አይደለም። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሐል ጣት ተባብረው አንዱ ይጫናል፣ ሌሎቹ ይስባሉ፣ ከዚያ ወጡ ተጠቅልሎ ሳይፈስ አፍ ይደርሳል። ይህን ከመጀመሪያው ካስጀመርነው ልጁ መቁረሱ ላይ ይደክመዋል፤ ያላለቀውንም እኛ እንጨርስለታለን፤ ስለዚህ የሚማረው ልፋት ከንቱ መሆኑን ነው። እኛ የምንጀምረው ከመጨረሻው ነው። ቆርሼ፣ ጠቅልዬ፣ ጣቶቹ መሐል አስይዤ እጁን እስከ አገጩ አደርሰዋለሁ፤ የቀረችውን ስንዝር የማትሞላ መንገድ እሱ ይጨርሳታል። ሥራው ሁልጊዜ የሚያልቀው በጉርሻው ነው፤ ያጎረሰው ግን የራሱ እጅ ነው። ይህን ሲለምድ የተጠቀለለውን ከትሪው ያነሳል። ከዚያ መጠቅለሉ ይመጣል። መቁረሱ የመጨረሻው ነው፤ እሱንም ዳሩን አስቀድሜ እቀደዋለሁና መሳቡ ብቻ ይቀረዋል።

የምቀመጠው ከፊቱ ሳይሆን ከኋላው ነው፤ እጄ ከእጁ ጋር በአንድ አቅጣጫ እንዲሄድ። መጀመሪያ መዳፉን ከላይ እይዛለሁ፣ ከሳምንታት በኋላ አንጓውን፣ ከዚያ ክርኑን። ከዚያ አልነካውም። አዲስ ረዳት መምህራን ሁልጊዜ የሚሳሳቱት አፋቸው ላይ ነው፤ «ጎበዝ፣ ቁረስ፣ ብላ፣ ብላ» ይላሉ። እጅን ቀስ በቀስ ማራቅ ይቻላል፤ ድምፅ ግን አንዴ ከገባ አይወጣም። «ብላ» ካልተባለ የማይበላ ልጅ ካፈራን ጉርሻውን በቃል ለወጥነው እንጂ ምን አደረግን? ስለዚህ ዝም ብለን እንሠራለን። መጋቢ እናቶቹም ገብቷቸዋል፤ ከድስቱ ሥር ወፈር ያለውን ሽሮ ለእኛ ጠረጴዛ ያስቀሩልናል። ቀጭን ወጥ ለጀማሪ አይሆንም፤ የድንች አልጫ ያለበት ቀን የበዓል ቀናችን ነው።

እርሳስ የሚይዙት እነዚያው ሦስት ጣቶች ናቸው። ለእናትየዋ ጥያቄ መልስ የምሰጠውም ያኔ ነው፦ ፊደሉ ከትሪው ይጀምራል።

ፊደሉን ራሱን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ሠላሳ ሦስቱን በሰባት አባዝቶ ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን በዜማ የሚወርድ ልጅ ይገጥመኛል፤ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጡት ካርዶች መካከል «ለ»ን አንሣ ሲባል ግን አያነሣም። ዜማውን አልነጥቀውም፤ ይወደዋል። የማስጀምረው ግን በስሙ ፊደላት ነው፤ ቅርፃቸው የሚመሳሰሉትን፣ እንደ «ቀ»ና «ተ» ያሉትን፣ ቢያንስ ለመጀመሪያው መንፈቅ አላገናኛቸውም። ልጃቸው ኦቲዝም ስላለበት በ2002 እ.ኤ.አ. የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት ዘሚ የኑስ በፊደላችን ድምፆች ላይ ብዙ ደክመዋል። ከዚያም በላይ ውለታቸው ስለ ልጃቸው በአደባባይ መናገራቸው ነው። ጳጉሜን ላይ ልጇን በር አሳልፋ የምታመጣ እናት የዚያ ድፍረት ወራሽ ናት።

አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2010 እ.ኤ.አ. ካጸደቀች ወዲህ «አካቶ» የሚለው ቃል በየስብሰባው ይሰማል። በእኛ ግቢ አካቶ ያለው በእረፍት ሰዓት ነው። ልጆቻችን ደወሉ ከመደወሉ ጥቂት ደቂቃዎች ቀድመው ይወጣሉ። ሜዳውን እነሱ ይይዙታል፤ ሌሎቹ መጥተው ይቀላቀሏቸዋል። በተቃራኒው የተሞከረ ጊዜ የእኛዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ይቀራሉ። አምስት ደቂቃ የማትሞላ ነገር ናት፤ ርእሰ መምህሩን ለማሳመን ግን ከአምስት ደቂቃ በላይ ወስዳብኛለች።

የተናጠል የትምህርት ዕቅድ አስገቡ የሚለው ጥያቄ የሚመጣው መስከረም ላይ ነው። እናስገባለን፤ በእርሳስ። ልጁ ከክረምቱ ምን ይዞ እንደመጣና ምን እንደጠፋበት የሚታወቀው መስቀል አልፎ፣ ዝናቡ ወጥቶ፣ ሲባጎውን ማየት ሲለምድ፣ ጥቅምት ላይ ነው። በእስክሪብቶ የምጽፈው ያኔ ነው። «የግል ንጽሕናውን ይጠብቃል» የሚል ዕቅድ አልጽፍም፤ ይህን ማንም ሊለካው አይችልም። የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ከምሳ በፊት ፎጣውን ከሲባጎው ሲያወርድ፣ ማንም ሳይነግረው ቧንቧውን ከፍቶ፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ ቧንቧውን ይዘጋል።» አንድ ሱፐርቫይዘር ቧንቧ መዝጋቱ የትኛው የትምህርት ዓላማ ውስጥ እንደሚገባ ጠየቀኝ። ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ አንድ ልጅ ቧንቧ ክፍት ትቶ ከሄደ ሮቶው ባዶውን ያድራል፣ በማግስቱም መጋቢ እናቶቹ ምሳ አያደርሱም አልኩት። እሱም ጻፈው።