ሰሙ ገንዘብ፥ ወርቁ አደራ፤ ስለ ኡስማን ሴምቤን «ማንዳቢ»

ስለ ስደት የተጻፈ ድርሰት ብዙ ነው፤ ስለ ናፍቆት፥ ስለ ባዕድ አገር ብርድ፥ ስለ እናት ዕንባ ብዙ ተብሏል። ስደተኛው ከደመወዙ ቈንጥሮ ወደ አገሩ የላከው ገንዘብ ግን በማን እጅ እንዳለፈ፥ በየትኛው በር እንደ ታገደ፥ ለማንስ እንደ ደረሰ የመረመረ ደራሲ ጥቂት ነው። ነገሩ ዝቅ ያለ ይመስላልና። የፖስታ ቤት መስኮት፥ የማኅተም፥ የቴምብርና የፎቶግራፍ ወሬ ለድርሰት የሚበቃ ጉዳይ አይመስልም። የሴኔጋሉ ደራሲ ኡስማን ሴምቤን ግን ከዚህ ከተናቀው ስፍራ አንድ ትልቅ ሥራ አወጣ።

ሴምቤን የተወለደው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1923 ዓ.ም. በደቡብ ሴኔጋል በዚጊንሾር ከተማ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ጦር ውስጥ አገልግሏል፤ ከጦርነቱም በኋላ በማርሴይ ወደብ ጭነት ተሸካሚ ሆኖ ኖሯል። በ1956 ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉም ስለ አንድ ጥቍር የወደብ ሠራተኛ የሚናገር ነው። እንግዲህ በባዕድ አገር እየለፋ ለዘመድ የሚልክ ሰው ምን እንደሚመስል ያወቀው በወሬ አይደለም። በ1960ዎቹ ዓመታት በፈረንሳይኛ «ሌ ማንዳ» ብሎ አንድ ዐጭር ልብ ወለድ ጻፈ፤ በ1968 ደግሞ ያንኑ ድርሰት እርሱ ራሱ ሲኒማ አድርጎ በአገሩ በወሎፍ ቋንቋ «ማንዳቢ» ሲል ሰየመው። ደራሲው በ2007 በዳካር ዐረፈ።

የታሪኩ አካሄድ ይህ ነው። ኢብራሂማ ዲየንግ የሚባል፥ ዕድሜው የገፋ፥ ሥራ ካጣም የቈየ ሰው በዳካር ከሁለት ሚስቶቹ ከሜቲና ከአራም፥ ከልጆቹም ጋራ ይኖራል። አንድ ቀን ፖስተኛው ከፓሪስ የመጣ ደብዳቤና የ25,000 ሴፋ ፍራንክ የገንዘብ ማዘዣ መድረሱን የሚገልጽ ወረቀት ያመጣለታል። የላከው የእኅቱ ልጅ አብዱ ነው፤ በፓሪስ መንገድ ጠራጊ ሆኖ ይሠራል። አብዱ በደብዳቤው ገንዘቡን ከፋፍሎታል፦ 20,000ው እርሱ እስኪመለስ እንዲቀመጥለት፥ 3,000ው ለእናቱ እንዲሰጥ፥ 2,000ው ደግሞ ለአጎቱ እንዲሆን። ዲየንግ ማንበብ ስለማያውቅ ደብዳቤውን በፖስታ ቤቱ ደጅ ከተቀመጠ ጸሐፊ ዘንድ በዋጋ ያስነብባል። ወደ መስኮቱም ሲቀርብ መታወቂያ ይጠየቃል። ለመታወቂያው ፖሊስ ጣቢያው የልደት ወረቀት፥ ፎቶግራፍና ቴምብር አምጣ ይለዋል። ለልደት ወረቀቱ ማዘጋጃ ቤቱ የተወለደበትን ቀን ይጠይቀዋል፤ እርሱ የሚያውቀው በ1900 ገደማ በዳካር መወለዱን ብቻ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ገንዘቡን ይበላዋል፤ ሲጠይቅም አፍንጫው እስኪደማ ይደበደባል። በመጨረሻ ምባይ የሚባል የተማረ ነጋዴ ዘመድ «ውክልና ስጠኝና እኔ አወጣልሃለሁ» ይለዋል። ምባይም ገንዘቡን ያወጣል፤ ለዲየንግ ግን የሚደርሰው አንድ ጆንያ ሩዝና «ኪሴን ሌባ አወለቀኝ» የሚል ቃል ነው።

ይህን ታሪክ በሹማምንትና በጽሕፈት ቤት ላይ የተሰነዘረ ፌዝ ብቻ አድርጎ የሚያነብ ሰው ሰሙን ይዞ ወርቁን ጥሏል። ፌዙ አለ፤ የሚያስቅም ነው። ነገር ግን ቅኔ የለመደ ጆሮ መጀመሪያ የሚያቆመው ስያሜው ላይ ነው። «ማንዳ» በፈረንሳይኛ ኅብር ቃል ነው። አንደኛው ፍችው በፖስታ የሚላክ የገንዘብ ማዘዣ ነው፤ ሁለተኛው ፍችው አንድ ሰው ለሌላው የሰጠው አደራ፥ ውክልና ነው። የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግም ውክልናን የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። «ቢ» ደግሞ በወሎፍ ከስም በኋላ ተቀጥሎ የታወቀውን ነገር የሚያመለክት ምዕላድ ነው፤ «ማንዳቢ» ማለት እንግዲህ «ማንዳው» ማለት ነው። የትኛው ማንዳ? ወረቀቱ ወይስ አደራው? የዳካር ሰፈር ሁሉ የሚያወራው ስለ ወረቀቱ ነው፤ አብዱ የላከው ግን አደራውን ነው። ምባይ ገንዘቡን የሚወስድበት መሣሪያም ሌላ አይደለም፤ ውክልናው ነው። አንዱ ቃል ገንዘቡን አመጣ፥ ያው ቃል ገንዘቡን ወሰደ። ደራሲው ይህን ኅብር አስቦ አኑሮት እንደ ሆነ ወይም ቋንቋው ራሱ አቀብሎት እንደ ሆነ መከራከር ይቻላል፤ ድርሰቱ በእርሱ ላይ መቆሙን ግን መካድ አይቻልም።

አደራው መቼ ተሰበረ? ቸኵሎ የሚፈርድ አንባቢ «ምባይ በሰረቀ ጊዜ» ይላል። ድርሰቱን ደግሞ ያነበበ ግን ጣቱን ወደ ፊተኛው ገጽ ይመልሳል። ማዘዣው ገና ሳይመነዘር፥ ዲየንግም ደብዳቤውን ሳያስነብብ፥ ሜቲና አራም በወረቀቱ ስም ከባለሱቁ ከምባርካ ሩዝና ዘይት በዱቤ ወስደዋል። ዲየንግም ጠግቦ በልቷል፤ የበላው ከየት እንደ መጣ የጠየቀው ከበላ በኋላ ነው። ከዚያም ወሬው ወጣ፤ ጎረቤቱ፥ የመስጊድ ባልንጀራው፥ የተራበው ሁሉ እየመጣ ደጁን አንኳኳ። እዚህ ላይ የሴምቤን ብልሃት ጐልቶ ይታያል። ከ25,000ው ውስጥ የዲየንግ ድርሻ 2,000 ብቻ ነው፤ በደጁ የሚቆመው ሰው ግን የሚቈጥረው 25,000ን ነው። ዲየንግም ራሱ ቀስ በቀስ እንደዚያው መቍጠር ይጀምራል። ማንም ሰው የዋሸ የለም፤ ማንም የሰረቀ የለም፤ ሩዙ ግን እየተበላ ነው፥ ዕዳውም እየተጻፈ ነው፥ የሚከፈልበትም ገንዘብ የአንድ በሩቅ አገር መንገድ የሚጠርግ ወጣት ላብ ነው።

ነገር ግን ደራሲው ፍርዱን ለአንባቢ አያቀልለትም። ዲየንግ ጎረቤቱን ባዶ እጁን ቢመልስ ኖሮ በዚያ ሰፈር ሰው አይባልም ነበር። የራበው ፊቱ ቆሟል፤ አብዱ ግን ባሕር ማዶ ነው። የቅርቡ ረኃብ ከሩቁ አደራ ጋራ ሲጣላ ማን ይረታል? የዲየንግ ቸርነት እውነተኛ ነው፤ የቸረው ግን የሰው ገንዘብ ነው። ይህን ሁለት ነገር በአንድ ሰው ውስጥ አንድ ላይ ማቆም መቻሉ ሴምቤንን ከተራ ፌዘኛ ይለየዋል። ሰውየውንም ጻድቅ አላደረገውም፤ ኩሩ ነው፥ ሆዳም ነው፥ በሚስቶቹም ላይ ይጮኻል። በቤቱ ውስጥ ልብ ያላቸው ሚስቶቹ ናቸው፤ እርሱ የሚያውቀው ልብሱን አሳምሮ መውጣትን ነው።

ሁለተኛው ብርቱ ጉዳይ የስም ነገር ነው። ማዘዣው የተላከው «ኢብራሂማ ዲየንግ» ለተባለ ስም ነው። ይህን ስም ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ መስኮቱ ግን አያውቀውም። ሰው ሆኖ ስድሳ ዓመት ገደማ የኖረ፥ ልጅ የወለደ፥ ለቀብር የቆመ ሰው ወረቀት ስለሌለው እንዳልተወለደ ይቈጠራል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ክፍል ሲያነብ ወደ ሴኔጋል መሄድ አያስፈልገውም። ዕድሜውን በዓመተ ምሕረት ሳይሆን በዘመቻና በንጉሥ የሚቈጥር ሽማግሌ በእኛም አገር ሞልቶ ነበር። ዛሬም ከውጭ ለተላከ ሐዋላ ባንክ ቤት የሄደች እናት በክርስትና ስሟ ተልኮላት መታወቂያዋ ግን በዓለም ስሟ ሲሆን፥ ወይም ልጅዋ ስሟን በላቲን ፊደል አንድ ዐይነት ጽፎ የቀበሌው ጸሐፊ ሌላ ዐይነት ሲጽፈው፥ የገዛ ልጅዋ ገንዘብ ይከለከልባታል። የእኛ «ጸ»ና «ቀ» በላቲን ትክክለኛ አቻ ስለሌላቸው እያንዳንዱ ሰው እንደ መሰለው ይጽፋቸዋል፤ መስኮቱ ግን አንዲት ፊደል ብትለይ አያሳልፍም። በዳካር ዲየንግን ያቆመው የልደት ቀን ነው፤ በሌላው ዘንድ የምታቆመው አንዲት ፊደል ናት።

ምስጋናው ይህን ያህል ከሆነ ነቀፌታውም መነገር አለበት። የሴምቤን ድርሰት ግማሽ ታሪክ ነው። ተቀባዩን እስከ አጥንቱ ያሳየናል፤ ላኪውን ግን በአንድ ደብዳቤ ያሰናብተዋል። በሲኒማው ውስጥ ደብዳቤው ሲነበብ አብዱ በፓሪስ ጎዳና ላይ ሲጠርግ ለጥቂት ጊዜ ይታያል፤ ድምፁም ወደ ፈረንሳይ የመጣው ሊባዝን ሳይሆን ሊሠራ መሆኑን ለአጎቱ ያስረዳል። ከዚያ በኋላ ጠፋ። 25,000ውን ለማጠራቀም ስንት ወር እንደ ፈጀበት፥ ምን ሳይበላ እንደ ቀረ፥ ለመላኩ ስንት እንደ ከፈለ አናውቅም። በወደብ ጭነት የተሸከመ ደራሲ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ሆን ብሎ ትቶታል። ምናልባትም ተቀባዩ ላኪውን የማያየው እንደ ሆነ አንባቢም እንዳያየው ፈልጎ ይሆናል። ምክንያቱ ይህ ቢሆን እንኳ ጕድለቱ ጕድለት ነው።

ምክንያቱም ላኪው በሚቆምበት መስኮት ያለው መከራ ከዲየንግ መከራ አያንስም። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ኢትዮጵያዊት መኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ ስም የተያዘ ነው፤ ፓስፖርቷንም ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጠው እርሱ ነው። ግፍ በዝቶባት ከዚያ ቤት ከወጣች ፈቃዷ ይወድቃል፤ ፈቃዱ ከወደቀ ደግሞ በሕግ የቆመው ገንዘብ ላኪ ቤት አይቀበላትም። ያላት መንገድ በሰው እጅ መስጠት ነው፤ እርሱ ታማኝ ከሆነ ይደርሳል፥ ምባይ ከሆነም እንደ ምባይ ይሆናል። ወረቀት ያለው ላኪ እንኳ ቀረጡን ይከፍላል። የዓለም ባንክ በ2023 እንዳሰላው ከሰሐራ በታች ወዳሉት አገሮች 200 ዶላር ለመላክ በአማካይ ከመቶው 8 ገደማ ያስወጣ ነበር፤ መንግሥታት ግን በ2030 ከ3 በታች እንዲወርድ ተስማምተዋል። በአገራችንም መደበኛው የምንዛሪ ተመንና የጥቍር ገበያው ዋጋ እጅግ ተራርቀው በነበሩበት ዘመን፥ ይኸውም ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 (እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር) በፊት፥ በባንክ የላከ ሰው እናቱን ከግማሽ ገደማ ገንዘብ ያሳጣት ነበር፤ በጥቍር ገበያ የላከ ደግሞ ሕግ ተላላፊ ነበር። ሕግ አክባሪው ልጅ እናቱን የሚበድልበት፥ እናቱን የሚያስደስተው ልጅ ሕግ የሚተላለፍበት ነገር ከዚህ የበለጠ የድርሰት ፍሬ ይሆናልን? ይህን የሚጽፍ ብዕር ገና ይጠበቃል።

አንድ ሌላ እንከንም አለ። ድርሰቱ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ አታላዮቹ ይበዛሉ፤ ጸሐፊው፥ ፎቶግራፍ አንሺው፥ ባለሱቁ፥ ምባይ፥ ሁሉም በአንድ ሰው ላይ ይሰለፋሉ። ምባይ ከሁሉ ይልቅ ቀለሙ የሳሳ ነው፤ ልብሱና መኪናው ይታያሉ እንጂ ልቡ አይታይም። አብዱን በደብዳቤ ብቻ ሰው ያደረገ ብዕር ምባይን ሰው ማድረግ አያቅተውም ነበር። ዲየንግም በመጨረሻ ከተኵላ ጋራ ተኵላ እሆናለሁ ብሎ ሲዝት፥ ፖስተኛው ግን ይህን አገር የምንለውጠው እኛው ነን ብሎ ሲመልስለት፥ ይህ መልስ ከታሪኩ የወጣ ሳይሆን ከደራሲው አፍ የወጣ ይመስላል። ከዚያ ይልቅ የአብዱ እናት ስለ መታወቂያና ስለ ቴምብር ምንም ሳታውቅ 3,000ዋን ልትቀበል የመጣችበት ስፍራ ብዙ ይናገራል። እርሷ የምታየው ወንድሟን ብቻ ነው፤ ልጅዋ ልኳል፥ ወንድሟ አልሰጣትም።

ስለ ሲኒማው ሥራ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ሴምቤን «ማንዳቢ»ን ለመሥራት ያገኘው ገንዘብ ከፈረንሳይ መንግሥት የሲኒማ ድርጅት የመጣ ነበር፤ ገንዘቡም እንደ አብዱ ማዘዣ ብቻውን አልመጣም፥ ሲኒማው በፈረንሳይኛም እንዲሠራ የሚል ግዴታ ተከትሎት መጣ። ደራሲው ግዴታውን ፈጸመ፤ አንዱን ታሪክ ሁለት ጊዜ፥ በፈረንሳይኛና በወሎፍ ቀረጸው። ዛሬ በየአገሩ ሰዎች ተቀምጠው የሚያዩት የወሎፉን ነው።