ፓወር ሜትር በሐይቅና በአምባሰል መንገድ

ፓወር ሜትር ብስክሌተኛ ፔዳል ሲመታ የሚያወጣውን ጉልበት በዋት የሚናገር መሣሪያ ነው። በቀጥታ የሚለካው ግን ዋትን አይደለም። በፔዳሉ ዘንግ፣ በፔዳሉ ክንድ ወይም ክንዱን ከጥርሱ ጋር በሚያያይዘው ክፍል ላይ ስስ የብረት መስመሮች ተለጥፈዋል። እግር ሲጫን ብረቱ በዓይን በማይታይ መጠን ይታጠፋል፤ የመስመሮቹም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ይለወጣል። ከዚያ ለውጥ የማዞር ኃይሉ ይሰላል፤ በዙር ፍጥነት ሲባዛም ዋት ይሆናል። በደቂቃ 90 ዙር የሚመታ ሰው 200 ዋት ለማውጣት በአማካይ 21 ኒውተን ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ኡሊ ሾበረር በ1986 እ.ኤ.አ. ኤስአርኤም የተባለውን ድርጅት ካቋቋመ ወዲህ መሣሪያው በብዙ መልክ ተሠርቷል፤ ሥረ መሠረቱ ግን ያው ነው። የሚታጠፍ ብረት ደግሞ ብርድና ሙቀት ያውቃል፤ የገጠማውም ጣጣ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከደሴ ተነስቶ በቦሩ ሜዳ አድርጎ ወደ ሐይቅ የሚወርደው፣ ከዚያም በአምባሰል ወረዳ ውጫሌን ነክቶ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው አስፋልት በፓወር ሜትር ለሚደረግ ልምምድ የተመቸ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐይቅ ከእርሷ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በ500 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ለትራያትሎን የሚዘጋጅ ሰው ውሃውን፣ መንገዱንና የሩጫ ሜዳውን በአንድ አካባቢ የሚያገኝበት ደጋ በአገሪቱ ብዙ አይደለም። (ውሃውን በተመለከተ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም፤ ብልሃርዝያ በአካባቢው የታወቀ በሽታ ስለሆነ ሐይቁ ውስጥ መዋኘት የሚፈልግ አስቀድሞ ጤና ጣቢያ ይጠይቅ።) ዳገቱና ቁልቁለቱ፣ የንጋቱ ብርድና የቀትሩ ፀሐይ በአንድ ጉዞ ስለሚፈራረቁ ግን በደንብ ያልተገጠመ ፓወር ሜትር ጉድለቱ እዚህ ቶሎ ይገለጣል።

ምርጫው በፔዳል ላይ በሚገጠመው፣ በግራ ክንድ ላይ ብቻ በሚለጠፈውና በጥርሱ እምብርት ላይ በሚቀመጠው መካከል ነው። አንድ ብስክሌት ብቻ ላለው ሰው የጥርሱ እምብርት ይሻለዋል፤ ድንጋይ አይመታውም፣ በየጊዜው አይፈታም። ብስክሌት የሚዋስ ወይም ሁለት ብስክሌት የሚያፈራርቅ ፔዳሉን ይምረጥ፤ በአንድ መፍቻ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄድለታልና። የግራ ክንዱ ርካሽ ነው፤ ርካሽ የሆነውም የአንድ እግር ጉልበት ለክቶ በሁለት ስለሚያባዛ ነው። ከጠቅላላው 200 ዋት ውስጥ ግራ እግሩ 52 በመቶውን የሚያወጣ ሰው 208 ዋት ይነበብለታል። ይህ ብቻውን አያስከፋም፤ ሁልጊዜ በእኩል መጠን የሚያጋንን መሣሪያ ለአንድ ስፖርተኛ ጉዳቱ ጥቂት ነው። ችግሩ ሰው ሲደክም የሁለቱ እግሮች ድርሻ መለዋወጡ ነው። ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት ሌላ የሚናገር ፓወር ሜትር ደግሞ ከሌለ ይቆጠራል።

ገጠማው የጥንቃቄ ሥራ ነው እንጂ ከባድ አይደለም። የፔዳሉ ጥርስ ይጠረጋል፣ ግራሶ ይቀባል፣ ከዚያ ይጠብቃል። የግራ ፔዳል በተቃራኒው እንደሚጠብቅ ጎማ የሚለጥፍ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ የሚረሳው የጥብቀቱ መጠን ነው። አምራቾች ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ይጠይቃሉ። መጠን የሚያሳይ መፍቻ ከሌለ በረጅም መፍቻ በደንብ አጥብቆ፣ ዳገት ላይ ጥቂት ጊዜ ብድግ ብሎ በኃይል መምታትና እንደገና ማጥበቅ ይበቃል። አዲስ የተገጠመ ክፍል በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ትንሽ መቀመጫውን ስለሚያገኝ በእነዚያ ቀናት የታየን ቁጥር ማመን አያስፈልግም። በክብ ባትሪ የሚሠሩትም የራሳቸው ጣጣ አላቸው፤ ሱቅ ውስጥ ዓመታት የቆየ ባትሪ ገና በመጀመሪያው ብርድ ይዝላል፤ ምልክቱም የዋቱ ቁጥር ብልጭ ድርግም ማለቱ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ዜሮ ማስያዝ ነው። ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እግር ከፔዳል ይወርዳል፣ ክንዱ አምራቹ ባዘዘው አቅጣጫ ይሆናል፤ መሣሪያውም ምንም ጫና የሌለበትን ሁኔታ ዜሮ ብሎ ይመዘግባል። ቤት ውስጥ ያደረን ብስክሌት አውጥቶ ወዲያው ዜሮ ማስያዝ የተለመደ ስህተት ነው። ብረቱ የውጭውን አየር እስኪለምድ 15 ደቂቃ ያህል መጠበቅ አለበት። ከሐይቅ ወደ ቦሩ ሜዳ መውጣት በራሱ አየሩን የሚያቀዘቅዘው በሦስትና በአራት ዲግሪ ብቻ ነው፤ ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ከሰዓቱ ነው። በታኅሣሥ ንጋት እጅ እያደነዘዘ የተጀመረ ጉዞ ረፋዱ ላይ በጠራራ ፀሐይ ያልቃል። ዘመናዊዎቹ መሣሪያዎች ሙቀቱን ራሳቸው ያካክሳሉ፤ ሁሉም ግን እኩል አይካኑም። ዜሮው በግማሽ ኒውተን ሜትር ብቻ ቢዛነፍ በደቂቃ 90 ዙር ላይ ወደ 5 ዋት የሚጠጋ ስህተት ይሆናል። ይህ ስህተት ከጉልበቱ ጋር አያድግም፣ አይቀንስምም፤ ስለዚህ በ250 ዋት ላይ 2 በመቶ የሆነው በ150 ዋት ላይ ከ3 በመቶ ያልፋል። የትራያትሎን ሰው አብዛኛው ልምምዱ ለስለስ ያለና ረጅም በመሆኑ ከሌላው ብስክሌተኛ ይልቅ እርሱን ይጎዳዋል። መሣሪያው ዜሮ ሲይዝ የሚያሳየውን ቁጥር በየዕለቱ ከአየሩ ሙቀት ጋር ማስታወሻ ላይ መጻፍ ጥሩ ልማድ ነው። ቁጥሩ ሳይታሰብ ከዘለለ ብሎን ላልቷል፣ ውሃ ገብቷል ወይም ባትሪው ደክሟል።

ቀጥሎ የክንዱ ርዝመት ይገባል። በፔዳልና በክንድ ላይ ለሚገጠሙት ይህ ቁጥር በቀጥታ የሚባዛ ስለሆነ 170 ሚሊ ሜትር ለሆነ ክንድ 172.5 ብሎ ማስገባት ዋቱን በ1.5 በመቶ ያህል ያሳብጠዋል። ርዝመቱ ከክንዱ ጀርባ ተቀርጾ ይገኛል፤ በእጅ የዞረ ብስክሌት ከሆነ የሁለቱም ክንዶች ይታይ፤ አንዱ የተለወጠበት ብስክሌት ብርቅ አይደለም። በጥርሱ እምብርት ላይ ለሚለካው ርዝመቱ ስሌቱ ውስጥ የለም።

መሣሪያው እውነት ይናገር እንደሆነ ለማረጋገጥ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ክብደቱ የታወቀ ዕቃ ፔዳሉ ላይ ማንጠልጠል ይበቃል። ለዚህ በየቤቱ ያለው ቢጫ ጀሪካን በቂ ነው፤ ብቻ "ባለ 20 ሊትር" መባሉን አምኖ መነሳት አይገባም። እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 ሊትር ሊያልፍ ይችላል፤ ፕላስቲኩና ገመዱም ክብደት አላቸው። ስለዚህ ወፍጮ ቤት ወይም እህል መጋዘን ባለ ሚዛን ገመዱን ጨምሮ ይመዘናል፣ ውሃው እየተቀነሰ ልክ 20 ኪሎ ይደረጋል። ከዚያ የኋላ ፍሬን ተይዞ ክንዱ ወደ ፊት ተዘርግቶ አግድም ይቆማል፤ ጀሪካኑ በፔዳሉ ዘንግ መካከል ይንጠለጠላል። አግድምነቱ በግንበኛ ውሃ ልክ ይታያል፤ 5 ዲግሪ ቢያዘነብል 0.4 በመቶ ይጠፋል። ለ170 ሚሊ ሜትር ክንድ መሣሪያው በመተግበሪያው ላይ ሊያሳይ የሚገባው 33.25 ኒውተን ሜትር ነው። በመማሪያ መጻሕፍት የተለመደውን 9.81 የስበት ቁጥር የሚጠቀም 33.35 ያገኛል፤ ለሐይቅ ኬክሮስና ከፍታ ግን የሚቀርበው 9.78 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም ያለ ምንም ድካም የሚታረም ስህተት ነውና ማለፍ አይገባም። ንባቡ ከ1 በመቶ በላይ ካልራቀ መሣሪያው ጤናማ ነው። 32.6 አካባቢ ካሳየ በ2 በመቶ ያንሳል፤ ማስተካከያ የሚቀበል ከሆነ ይስተካከላል፣ ካልሆነም ጉድለቱ ታውቆ ይኖራል። ያገለገለ ፓወር ሜትር የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይህን ቢያደርግ ይጠቀማል።

ማንበርዮው ላይ ያለው ኮምፒውተር ጥቂት ነገር ብቻ ይፈልጋል። የዋት አማካይ ዜሮዎችን እንዲጨምር፣ የዙር አማካይ ግን እንዳይጨምር ይደረጋል፤ በመስኮቱ የሚታየው የ3 ሰከንድ አማካይ ይሁን። ኮብልስቶን ላይ የዙሩ ቁጥር ከዘለለ መሣሪያው ንዝረቱን ከዙር ጋር አምታቶ ነው፤ ማግኔት የሚቀበል ከሆነ ማግኔት ይገጠምለት። ከቦሩ ሜዳ ወደ ሐይቅ ፔዳል ሳይመታ የወረደ ሰው አማካይ ዋቱ ቢወድቅ አይገረም፤ በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ የስፖርት ሳይንስ ተመራማሪው አንድሩ ኮጋን የቀመረውና ለከባድ ጫና የበለጠ ክብደት የሚሰጠው የተስተካከለ አማካይ የተሻለ ይነግራል።

መሣሪያው ከታመነ በኋላ የባለቤቱ ልክ፣ ማለትም ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ሊያወጣው የሚችለው ከፍተኛ ዋት፣ ይፈለጋል። የተለመደው ፈተና 20 ደቂቃ በሙሉ አቅም መንዳትና ከአማካዩ 95 በመቶውን መውሰድ ነው። ከሐይቅ ወደ ቦሩ ሜዳ የሚወጣው ዳገት ለዚህ ይመቻል፤ እግር ሳያርፍ፣ ባጃጅና ከብት ሳያቋርጥ ብዙ መሄድ ይቻላል፤ በተለይ ማለዳ፣ የገበያ ቀን ካልሆነ። አጠገብ የሚያልፍ ሲኖትራክ የሚጎትተው ነፋስ ፍጥነቱን እንጂ ዋቱን አያበላሽም፤ የፓወር ሜትር ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው። ዳገት ላይ የተገኘው ቁጥር ግን ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ቁጥር ነው። በትራያትሎን ብስክሌት ላይ ክርኑን አስደግፎ ጎንበስ ያለ ሰው የዳሌው መታጠፊያ ስለሚጠብብ ያንኑ ያህል ማውጣት ያቅተዋል። ስለዚህ በቦሩ ሜዳ ሜዳማ ክፍል ላይ በውድድሩ አቀማመጥ ሁለተኛ ፈተና መደረግ አለበት፤ የልምምዱ ዒላማ የሚወሰደውም ከዚህኛው ነው።

ከፍታው ራሱ ሁለት ጎን አለው። በ2,000 ሜትር ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በ18 በመቶ ያህል ይሳሳል። ኦክስጅን ስለሚያንስ ከቆላ የመጣ ሰው ዋቱ ይወርዳል፤ ተቃውሞው ስለሚቀንስ ደግሞ ባለው ዋት የበለጠ ይፈጥናል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነዳ፣ ጎንበስ ያለ ብስክሌተኛ ነፋሱን ለመግፋት ብቻ በባሕር ጠለል 184 ዋት ያህል ቢያስፈልገው በሐይቅ ከፍታ 151 ዋት ይበቃዋል። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፦ በውጭ አገር ሠንጠረዥ ላይ ያለ ዋት ለሐይቅ አይሆንም፣ የሐይቅ ፍጥነትም ለባሕር ዳርቻ ውድድር አይሆንም። በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ ያደገባት መቀሌም ከሐይቅ ብዙ በማይርቅ ከፍታ ላይ ናት፤ ከደጋ ወርዶ የሚወዳደር ሁሉ በቆላ እንደገና መፈተን አለበት። ደጋ ላይ የተለካውን ቁጥር በግምት አባዝቶ መጠቀም አያዋጣም፤ ሰው ከሰው ይለያያልና።

ለትራያትሎን የዋት ትርጉሙ ለሩጫ የሚቆጠብ እግር ነው። በ40 ኪሎ ሜትሩ ውድድር ከልኩ ከ90 እስከ 95 በመቶ፣ በ90 ኪሎ ሜትሩ ከ75 እስከ 85፣ በ180ው ከ65 እስከ 75 በመቶ መያዝ የተለመደ ነው። ልኩ 220 ዋት የሆነ ሰው 90 ኪሎ ሜትሩን በ176 ዋት ይነዳል፤ ዳገት ላይም ከ230 እንዳያልፍ ራሱን ይገታል። በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ 1,740 ኪሎ ጁል ገደማ ይሠራል፤ ሰውነት ከሚያቃጥለው ሩብ ያህሉን ብቻ ወደ ፔዳል ስለሚያደርስ የሚቃጠለው ካሎሪ ቁጥሩ ከዚሁ ጋር ይቀራረባል። በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብ መውሰድ የሚመከረውም ለዚህ ነው፤ በውሃ የተበጠበጠ በሶ በልምምድ ላይ ከተለመደ ይሠራል። ዒላማው ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ከብስክሌት ወርዶ ወዲያው በመሮጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ከተለመደው ሩጫ በጣም ከዘገዩ የሚቀነሰው የብስክሌቱ ዋት ነው፤ በ5 በመቶ ዝቅ ብሎ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ይሞከር።