የጣና ቢልጫዎችና የሙዚየም ማኅደራቸው

የአንድ ዓሣ የሙዚየም መዝገብ ሲታይ ገለልተኛ ማስረጃ ይመስላል፦ ቁጥር፣ ቦታ፣ የሰብሳቢ ስም፣ ዓመት። ስለ ጣና ሐይቅ ትልልቅ ቢልጫዎች የተጻፈውን ለመረመረ ሰው ግን ይህ እምነት አይጸናም። እነዚህ ዓሦች ከ1830ዎቹ ወዲህ (ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) አንዴ በርካታ ዝርያ፣ አንዴ አንድ ዝርያ፣ እንደገና ደግሞ 15 ዝርያ ተብለው ተቆጥረዋል። ለዚህ መዋዠቅ ትልቁ ምክንያት፣ በእኔ ንባብ፣ ከናሙናው ጋር ሳይመዘገብ የቀረው ነገር ነው።

የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች ወደ አውሮፓ የወሰደው የፍራንክፈርቱ ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያን ጎብኝቶ የሰበሰበውን በከተማው ለሚገኘው የሴንከንበርግ ሙዚየም አስረከበ፤ ዓሦቹንም ወዲያው ገልጾ አሳተመ። ከእነዚህ አንዱ፣ ከንፈሩ ወፍራም የሆነው ኔድጂያ፣ ላቤዮባርበስ ለተባለው ወገን መሠረት ሆነ። ዛሬ ይህ የወገን ስም ከካሜሩን እስከ ደቡብ አፍሪካ ላሉ ከመቶ በላይ ዝርያዎች ያገለግላል። በሥነ ምደባ ሕግ ስም የሚታሰረው በቃል መግለጫ ብቻ ሳይሆን ለስሙ መሠረት በሆነው ዓሣ ላይ ነው፤ ጥርጣሬ በተነሣ ቁጥር ተመራማሪው ተመልሶ የሚያየው ያንኑ ገላ ነው። ይህ የሙዚየም ትልቁ ውለታ ነውና ከትችቱ በፊት መታወቅ አለበት።

ቀጥሎ ለንደን መጣች። ኤድዋርድ ዴገን በ1902 ከጣና የሰበሰባቸውን ዓሦች ጆርጅ አልበርት ቡላንዤ በዚያው ዓመት አዳዲስ ዝርያዎች ብሎ አሳወቀ፤ ዴገኒ የተባለው ቢልጫ የሰብሳቢውን ስም ይዞ ቀርቷል። የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የመዝገብ ቁጥር በዓመት፣ በወርና በቀን ይጀምርና ተራ ቁጥር ይከተለዋል። ላልለመደ አንባቢ ይህ ዓሣው የተያዘበት ቀን ይመስላል፤ የሚነግረው ግን ናሙናው ሙዚየሙ መዝገብ ላይ የሰፈረበትን ቀን ነው። ዓሣው የተያዘው በክረምት ይሁን በበጋ፣ ከወንዝ አፍ ይሁን ከሐይቁ መሐል፣ ከአለት ሥር ይሁን ከጭቃ፣ በምን ዓይነት መረብ እንደሆነ ከቁጥሩ አይገኝም፤ ከመለያ ወረቀቱም ብዙ ጊዜ አይገኝም። በአሮጌ ጽሑፎች ጣና «ፃና» ተብሎ ይጻፋል፤ የሐይቁ ስም ብቻውን ግን ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ውኃ ነው። ዓሣውን ያጠመደው የሐይቁ ሰው ደግሞ ስሙም ዕውቀቱም የለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለጥናት የተላከው ጆርጆ ቢኒ በ1940 ባሳተመው ሥራ ሌሎች ስሞች ጨመረ፤ ዝርዝሩም ተጥለቀለቀ።

በ1973 የብሪታንያው ኪት ባኒስተር ይህን ሁሉ አንድ ላይ አየ። በመደርደሪያ ላይ ያሉትን ዓሦች ሲለካ አንዱ መልክ ወደ ሌላው እየተሸጋገረበት ተቸገረ፤ ስለዚህ የጣና ትልልቅ ቢልጫዎችን ኢንተርሚዲየስ በተባለው አንድ ተለዋዋጭ ዝርያ ሥር አጠቃለላቸው። ባኒስተርን በግዴለሽነት መክሰስ ፍትሕ አይደለም። አልኮል ቀለምን ያጠፋል፤ ከየመልኩ ጥቂት፣ ዕድሜያቸውም የተለያየ ዓሦች ብቻ ሲኖሩ ልዩነቱ የዕድገት ይሁን የዝርያ ለመለየት ያስቸግራል። ካለው ማስረጃ ተነሥቶ የደረሰበት ድምዳሜ ምክንያታዊ ነበር። ጉድለቱ የማስረጃው ነው።

ይህ የታየው ሐይቁ ዳር ተቀምጦ የመረመረ ሲመጣ ነው። በ1990ዎቹ የዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሊዮ ናጌልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ በባሕር ዳር ዓሦቹን ከነሕይወታቸው፣ በብዛት፣ ከየጥልቀቱ እየያዙ አጠኑ። ሱርኪስ የውኃ ተክል ይበላል፤ ብሬቪሴፋለስ በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ እንስሳትን ይለቅማል፤ አኩቲሮስትሪስ ዓሣ አዳኝ ነው። ከሚቆጠሩት 15 ዝርያዎች ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው፤ መንጋጋው ጥርስ በሌለው፣ ቢልጫዎች በሚመደቡበት የዓሣ ቤተሰብ ውስጥ ይህ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ከፊሎቹ በክረምት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ፤ ሌሎቹ ከሐይቁ አይወጡም። እርግጥ ክርክሩ አልተዘጋም፤ በኢትዮ ሩሲያ የጋራ ጉዞ የተሳተፉ ተመራማሪዎች «ዝርያ» የሚለውን አጥብቀው ጠይቀዋል፤ በዘረመልም ዓሦቹ በጣም የተቀራረቡ ናቸው። ሆኖም አመጋገብን፣ መኖሪያንና መራቢያን አንድ ላይ ያየ ምርመራ ከቅርጽ ልኬት ብቻ የበለጠ ክብደት አለው ብዬ እፈርዳለሁ። ናጌልከርከና ሲቢንግም ስም ለመስጠት ወደ ሩፔልና ወደ ቡላንዤ ናሙናዎች መመለስ ነበረባቸው፤ ጠርሙሱ ባይጠበቅ ኖሮ የትኛው ዓሣ የቱን ስም እንደሚይዝ ባልታወቀ።

አሮጌዎቹ ናሙናዎች አሁንም አላለቁም። የፎርማሊን ኅብረ ሕዋስን የማጠንከር ጠባይ የታወቀው በ1893 ነው፤ ስለዚህ የሩፔል ዓሦች በፎርማሊን አልተነኩም። ፎርማሊን ዲኤንኤን ስለሚጎዳ እነዚያ ከኋለኞቹ የተሻለ ተስፋ ሊሰጡ ይችላሉ። ጉዳዩም አጣዳፊ ነው። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ዓሣ ማስገር በ1986 ከተጀመረ ወዲህ ወደ ወንዝ የሚወጡት ቢልጫዎች ብዛት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ በሦስት አራተኛ ያህል ወርዷል። ዓሦቹ ተሰብስበው ወንዝ አፍ ላይ ሲደርሱ መረቡ ይጠብቃቸዋል። ይህን ቅነሳ ልንለካ የቻልነው የ1990ዎቹ ተመራማሪዎች መረቡን፣ ቦታውንና ወሩን ስለጻፉ ነው። የ1902 ጠርሙሶች ለዚህ ጥያቄ መልስ የላቸውም።

ኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብት አያያዝን በአዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይህ ዓመት እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ደንግጋለች፤ ከዚያ አስቀድሞ ለወጣው ግን የተለየ ሥራ ያስፈልጋል። ፍራንክፈርትና ለንደን ያሉት የጣና ናሙናዎች ፎቶግራፍ፣ የራጅ ምስልና የመለያ ወረቀታቸው ቅጂ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና አራት ኪሎ ባለው የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሊገኙ ይገባል። ከእንግዲህ ከጣና ወጥቶ ጠርሙስ የሚገባ እያንዳንዱ ዓሣም የወንዙን ወይም የባሕረ ሰላጤውን ስም፣ ጥልቀቱን፣ ወሩን፣ የመረቡን ዓይነትና አስጋሪው የጠራበትን ስም ይዞ ይመዝገብ። ይህን አሁኑኑ መጀመር የኛ የተመራማሪዎቹና የሙዚየሞቹ ኃላፊነት ነው።